ጆሮዋ ላይ ሹክ የተባለው

«እንባዋ ሳይደርቅ ቶሎ እንድገመው... እትዬ፣ እስቲ ያቺን ነገርዎን እንደገና ጆሮዋ ላይ ይበሏት።»

ዳይሬክተሩ ነው። የድምፅ ባለሙያው «ማይኩ ድምፁን አልያዘም» ስላለው ተናዷል።

ሚጡ... የሰባት ዓመቷ ሕፃን... አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች።

«እትዬ» የተባለችው ሴት ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች።

መንገዷ ላይ ግን አንዲት ወጣት ቆመችባት።

«እማዬ... እንዳትጠጊያት።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

ወጣቷ የፊልሙ መሪ ተዋናይት ናት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ካሜራ ፊት ነው ያደገችው። መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ከዚያ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ከዚያ ፊልም በፊልም ላይ... ሕዝቡ ስሟን ትቶ «ዝናብ» ነው የሚላት። አልቅሺ ሲሏት ታወርደዋለቻ።

ምስጢሩ እናቷ ነበረች። ቀረጻ ሲጀመር ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ አንዲት ነገር ሹክ ትላታለች... አለቀ።

አንዳንዱ «ምክር ነው» ይላል፣ አንዳንዱ «ጸሎት ነው» ይላል። ጠይቆ የሚያውቅ ግን የለም። ሥራው አምሮ ከወጣ ማን ይጠይቃል?

አሁን ዝናብ አድጋለች። ይህ ፊልም እንደ ትልቅ ሰው የመጀመሪያዋ ትልቅ ሥራ ነው። እናቷ ደግሞ በፊልሙ የዝናብ ታናሽ እህት ሆና የምትጫወተውን ሚጡን እንድታለማምድ ተቀጥራለች።

«ዝናብዬ፣ ምነው?» አለ ዳይሬክተሩ ለመሳቅ እየሞከረ። «ዘወር በይ፣ ሥራ እንሥራ።»

«ካስፈለገ እኔን ቀይሩኝ... ሚጡን ግን ማንም አያስለቅሳትም።»

ፕሮዲዩሰሩ ከጥግ ብድግ አለ። «የምትናገሪውን ታውቂያለሽ? ከዚህ በር ከወጣሽ ሌላ ፊልም የሚሰጥሽ ያለ እንዳይመስልሽ።»

ዝናብ ፈርታለች። ከዚህ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም...

እናቷ ጠጋ ብላ በቀስታ፣ «በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለቻት።

«ምን ብለሻት ነው?»

«ሥራ ነው።»

«እማዬ... ምን ብለሻት ነው?»

መልሱ የመጣው ከአልጋው በኩል ነው።

«አባትሽ ሞቷል አለችኝ...» ሚጡ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። «አባዬ... የምር ሞቷል?»

ቅድም «አቤት፣ እንዴት ጎበዝ ናት» እያለች እንባዋን ስትጠርግ የነበረችው ሜካፕ ሠሪ አቀረቀረች።

ዝናብ ሕፃኗን ብድግ አድርጋ ይዛት ወጣች። አባትየው ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ምንም አልሆነም። ልጁ አንገቱ ላይ ስትጠመጠምበት ግራ ገብቶት፣ «ምነው የኔ እናት? ማን ነካሽ?» ይላል...

ወደ ውስጥ ስትመለስ እናቷ ቱግ ብላ ጠበቀቻት።

«ዳይሬክተሩ 'ከት' ብሎ ቀረጻው ሲቆም አቅፌ 'ውሸቴን እኮ ነው' እላት ነበር። ካንቺስ ጋር እንዲሁ አልነበር? አባትሽን ስንት ጊዜ ገድዬ ስንት ጊዜ አስነሣሁት? ይኸው ምን ሆንሽ? ሰው ነው የሆንሽው።»

የዝናብ ድምፅ ዝቅ አለ።

«እማዬ... አባዬ የምር የሞተ ጊዜ ለምን እንዳላለቀስኩ ታውቂያለሽ?»



ያኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ተንሾካሾከባት። «ለካሜራ እንደ ቧንቧ ትለቀዋለች፣ ለወላጅ አባቷ ጠብታ የላትም» ተባለች። አክስቷ «ልበ ድንጋይ» አለቻት። እናቷ ራሷ አኩርፋት ከረመች።

«መሞቱን ጎንበስ ብለሽ ጆሮዬ ላይ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ... እንደ ሁልጊዜው። እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ። ከት ሲባል አባዬ ይመጣል። ያን ቀንም ከት እስኪባል ነበር የምጠብቀው... እስከ ዛሬ 'ከት' ያለኝ የለም።»



የካሜራ ባለሙያው ቀስ ብሎ ካሜራውን አጠፋው።

እናቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ... ሹክ ሳትል፣ ሰው ሁሉ እየሰማት...

«ልጄ፣ አባትሽ ሞቷል። የእውነት ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ... ይቅር በይኝ» አለቻት።

ዝናብ ያኔ አለቀሰች። ፊቷን ሸፍና፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ... ለፊልም የማይሆን ልቅሶ። ለአባቷ።

«ፊልሙስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሚጡ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀረጸች፣ የሚታየው ትከሻዋ ብቻ ነው። ተመልካቹ ልዩነቱን አላወቀውም። ዝናብንም ያባረራት የለም... ፕሮዲዩሰሩ ያን ቀን አንገቱን እንደደፋ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

ወዳጆቼ... ልጅ የነገሩትን ያምናል። እኛ ተናግረን እንረሳዋለን፣ እሱ ግን ይዞት ያድጋል። ዝም እንዲል «ፖሊስ ይወስድሃል»፣ ቶሎ እንዲበላ «ጥዬህ እሄዳለሁ» የምንል ሁሉ... እውነቱን የምንነግረው ቀን እንዳያምነን እንፍራ።

እስቲ ፍረዱ... እናንተ በዝናብ ቦታ ብትሆኑ እናታችሁን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታስቆሟት ነበር? ወይስ ቤት እስክትገቡ ዝም ትሉ ነበር? ኮመንት ላይ ልስማችሁ...