የማይጠግበው ሰርቨር

ይህን በማውራታችን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። የመሥሪያ ቤትን ገበና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው፤ ያውም ያን ያህል የደከመ መሥሪያ ቤት።

መስከረም 2002 ዓ.ም. ላይ መተማ ውስጥ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ አስገባ። ለየቀበሌው፣ ለየጤና ኬላው፣ ለየእርሻ ማኅበሩ አንድ አንድ ስልክ ታደለ። ሁሉን የሚያገናኘው ሰርቨር ታጠቅ ለሚባል ወጣት ባለሙያ ተሰጠው። ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰው ያነጋግራል። ታጠቅ ሠላሳ መስመር ይተርፋል እንጂ አያንስም ብሎ ፈርሞ ተረከበ።

ኃላፊው አቶ ባንተአምላክ ሠላሳ የቀበሌ ሊቀመናብርትን በዚያው ስልክ ሰብስበው መረቁት። ንግግራቸው መሀል ላይ ለሌላ ስብሰባ ተጠርተው ወጡ።

በማግስቱ አንድ ጤና ኬላ አምቡላንስ ለመጥራት ደወለ። መስመሩ ተይዟል። ከሰዓት ደወለ፤ ተይዟል። ወላዷን በትራክተር አመጧት፤ ደግነቱ በሰላም ተገላገለች።

ታጠቅ ሰርቨሩን አየ። ማሽኑ ቁጥር እንጂ ስም አያሳይም፤ ሠላሳውም ሞልቷል። ጧት ሠላሳ፣ ማታ ሠላሳ። አንድ ጊዜ አጥፍቼ ላስነሳው ቢል አቶ ባንተአምላክ አሻፈረኝ አሉ። ማን ምን እያወራ እንደሁ ሳይታወቅ የመንግሥት ቃል መሀሉ ላይ አይቆረጥም። ጆሮ ጣል አድርጎ ማዳመጥማ የፈቃድ ደብዳቤ ይጠይቃል።

ስለዚህ ሰርቨሩ እንዲሰፋ ተወሰነ። ከነባሩ ጎን ሁለተኛ ማሽን ተተከለ፤ መስመሩ ስድሳ ሆነ። አቶ ባንተአምላክ እስከ ገለጉ ድረስ ያሉትን ሠላሳ አዳዲስ ተጠቃሚዎች በስልክ ሰብስበው የመስፋፋቱን ጥቅም አስረዱ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ሌላ ስብሰባ ሮጡ። በማግስቱ ስድሳውም ሞላ። ሦስተኛና አራተኛ ማሽን መጣ፤ መቶ ሃያ። እሱም ተመርቆ ሞላ። ማሽኖቹ በቆላው ሙቀት እንዳይቃጠሉ የኃላፊው ማቀዝቀዣ ተነቅሎ እነሱ ክፍል ገባ፤ ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ስለ ቴክኖሎጂ ለመጠየቅ ወደ ታጠቅ ይመላለስ ጀመር።

መቼም ሌባ መኖር አለበት። ሌባው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ጀርባ ዘሊካ የምትባል ሴት ስልክ ታስደውላለች። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ስለነበር ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት ሳሉጎች የሚባሉት የጉልበት ሠራተኞች ማጭዳቸውን ይዘው ደጇ ላይ ቀኑን ሙሉ ይሰለፋሉ። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ሰርቨሩም ይሞላል። ይህን ሁሉም ሰው አየ፤ ታጠቅም አየ። በአጥሩ ሥር ወደ እሷ የተሳበ ሽቦ ሲፈልግ አንድ ሙሉ ቀን ቆፈረ።

ዘሊካ ሲቆፍር አይታ የሱዳን ሲም ያለበትን ስልኳን አውጥታ አሳየችው።

«የናንተው ስልክ ቢሠራማ ኖሮ እኔ ምን በልቼ አድር ነበር?» አለችው። «በርታ እንግዲህ፤ ጉድጓዱን ለሽንት ቤት እፈልገዋለሁ።»

አቶ ባንተአምላክ ግን ሲም የሚባል ማስረጃ አልተቀበሉም። ሐሙስ ዕለት ታጠቅን አስጠሩት።

«እስከ ነገ መስመሩን የያዘውን ሰው ታመጣልኛለህ፤ አለዚያ አንተም እሷም አብራችሁ ፖሊስ ጣቢያ ናችሁ» አሉት። «እሷ ሰርቃ፣ አንተ አሰርቀህ።»

ሌላ ማሽን ይጨመርልኝ ብሎ እንኳ እንዳይለምን በጀቱ አልቋል። ታጠቅ ዓርብ ጧት የሰርቨሩን ክፍል ከውስጥ ቆለፈ። ደብዳቤ ሳይኖረው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ የመጀመሪያውን መስመር ከፈተ። አረብኛ ጠብቆ ነበር፤ ወይም የሰሊጥ ዋጋ። ምንም የለም። ከሩቅ ትራክተር ይሰማል። ከዚያ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማን ልበል?» አለ ታጠቅ።

«ማሩ ነኝ፤ ከኮኪት ወዲያ ያለው የቀበሌ ሊቀመንበር።»

«አያ ማሩ፣ ይህን መስመር ከመቼ ጀምሮ ነው የያዙት?»

«ከምረቃው ዕለት ነዋ፤ ክቡር ኃላፊው ስብሰባውን ሳይዘጉ ወጥተው ሁላችንም እየጠበቅናቸው አይደል፤ ብቻ አደራ ልጄ፣ በምሳ ሰዓት ስልኩን ለምክትሌ እያስያዝሁ እንደምወጣ ለማንም እንዳትናገርብኝ።»