በአያት ካርድ

የልጅ ልጃቸውን አባቷ ቢሰማ ምን ያደርጋት ይሆን? አሮጊቷ ይህን እያሰቡ ወደ ጓዳው በር ሰረቅ አድርገው አዩ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ በጤና መድን ካርድዎ የጨብጥ መድኃኒት ተወስዷል። በሽታው ከማን ወደ ማን እንደሄደ በመረጃው እየተከታተልን ነው። የታከሙት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው። ካርዱን «ሆዴን ቆረጠኝ» ላለቻቸው የልጅ ልጃቸው የሰጡት ራሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

አሮጊቷ የሹራባቸውን ቁልፍ ያለቦታው ቆለፉ። «ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? እኔው ነኝ!» አሉ።

«እንግዲያው አባባም ይታከሙ» አለች ነርሷ፣ ጥግ ላይ ሬዲዮ ወደሚያዳምጡት ባለቤታቸው ዞር ብላ። አሮጊቷ ልጅቷን ለማዳን ሲጣደፉ እሳቸውን ፈጽሞ ዘንግተዋቸው ነበር። «ስማኝማ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቷን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ሽማግሌው ሬዲዮውን አጠፉ፤ ኮፍያቸውን አንስተውም ከሚስታቸው ፊታቸውን አዙረው ወጡ።