ዘጠኝ መቶ ሜትር

በዚያ ዘመን ሰው ሲታመም በእጁ ያለው አምባር የሚጠራው በቅርብ የሚገኘውን የመድኃኒት ሣጥን ጠባቂ ብቻ ነበር። ግርግር በሽተኛን ይገድላል ተብሎ ለጎረቤት አይነገርም።

የደብሩ የመድኃኒት ሣጥን ጠባቂ መሪጌታ ልሳነወርቅ ቅዳሴ አስቀድሰው ከደጀ ሰላሙ ሳይርቁ አምባራቸው ጮኸ።

«ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወድቀዋል፤ ልባቸው እየደከመ ነው። ቅርቡ እርስዎ ነዎት፤ ዘጠኝ መቶ ሜትር።»

ዘነበወርቅ እኅታቸው ናት። ቤቷ ከገደሉ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ መውጣት የአንድ ቀን መንገድ ነው። አምባሩን የሠሩት ሰዎች አገራቸው ሜዳ ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲህ ክንፍ አብቅሉ፣ መሪጌታ!» አሉ አብረዋቸው የወጡት ቄስ ምናሴ፤ ወዲያው ግን በቀልዳቸው አፈሩ።

«ለጎረቤቶቿ ንገርልኝ!» አሉት መሪጌታ አምባሩን።

«ለጎረቤት መንገር አልተፈቀደም።»

ቢጣሩ ነፋሱ ድምፃቸውን በላው። ሮጠው ሄደው ደወሉን ደጋግመው መቱት።

ማዶ በሮች ተከፈቱ። ጎረቤቶቿ ወጡ፤ ከደጃፏ ሃያ እርምጃ ላይ ቆመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩና አማተቡ። ምሕላ የታወጀ መስሏቸዋል።

መሪጌታ ግራ ገባቸው። ደወሉን ቢያቆሙ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ይገባሉ፤ አጥብቀው ቢመቱት ደግሞ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዳሉ። ደወል ሲሰማ ሁሉን ትቶ መስገድን ያስተማሯቸው ራሳቸው መሪጌታ ነበሩ።

አምባሩም በትሕትና ጠየቃቸው፤

«መንገድ ጀምረዋል?»