የእማማ አስካለ ተከራይ

ከኪነት ቡድን ጋር አገር ለአገር ስትዞር የኖረችው ዘፋኝ ድምጿ ሲነጥፍ አንዲት ትንሽ ከተማ ገብታ በእማማ አስካለ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየች። ጓሮው ላይ ጎመን ተከለች፤ ዕድር ገባች። ማንም የሚያውቃት አለመኖሩ እፎይታ ሰጣት። ወባ ሲጥላት ያስታመሟት እማማ ነበሩ፤ ትኩሳቷ እስኪበርድ ከአጠገቧ አልተነሡም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሬዲዮ በጦርነቱ ዘመን ወጣቱን ለዘመቻ የቀሰቀሰችበትን ዘፈን አሰማ። ክው አለች። እማማ ግን ምስር መልቀማቸውን ሳያቋርጡ፣ "ድምፅሽ ያኔ እንዴት ያምር ነበር" አሏት።

"ያውቁኛል እንዴ?"

"ቤቱንም ያከራየሁሽ ስለማውቅሽ ነው። ልጄ ስትዘፍኚ ሰምቶ መድረክ ላይ ወጣና ፎጣውን አንገትሽ ላይ አጠለቀልሽ አሉ። ወዲያው የዘማቾች መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ አልተሰናበተኝም።"

ዘፋኟ እግራቸው ላይ ወደቀች። እማማ ክንዷን ይዘው አነሷት።

"ይቅርታ ጠይቂኝ አላልኩሽም። ለመጨረሻ ጊዜ ከቅርብ ያየሽው አንቺ ነሽ። ፈርቶ ነበር ወይስ ደስ ብሎት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

በየከተማው ስንቱ ወጣት ፎጣ አጥልቆላታል። አንዳቸውንም አታስታውስም።

"ደስ ብሎት ነበር፣ እማማ። ረጅም፣ ጠይም፣ ሳቂታ ልጅ።"

እማማ ክንዷን ለቀቁና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

"የኔ ልጅ" አሉ፣ "አጭር ነበር።"