የይቅርታ እጆች

አጥቂው በዘጠነኛ ክለቡ መለያ ወደ ድሮ ክለቡ ስታዲየም ሲገባ ሀፍረት አንገቱን አስደፋው። ስድስት ዓመት የጨፈሩለትን ደጋፊዎች «ከእናንተ የሚለየኝ ሞት ብቻ ነው» ብሏቸው፣ በወሩ ነበር ለሌላ ክለብ የፈረመው።

«ዛሬ ባገባ እንኳ አልጨፍርም፤ እጄን አንስቼ ይቅርታ ነው የምጠይቃቸው» አለው መልበሻ ክፍል ውስጥ ለቡድኑ በረኛ ለሙዘይን።

እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ድረስ ግብ አልነበረም። ከዚያ የማዕዘን ምት ተሻማ። ኳሷ የመጣችው ድሮ ስንቱን በቴስታ ወዳስቆጠረበት፣ ወደዚያው ወደ ሰሜኑ ግብ ነው። ሰውነቱ መንገዱን አልረሳም፤ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ ገጫት። መረቡ ተርገበገበ።

እንዳለውም አልጨፈረም። ሁለት እጁን ወደ ቀድሞ ደጋፊዎቹ አነሳ። እነሱ ግን ስሙን እየጠሩ ዘለሉ፣ ተቃቀፉ። «ለካ ይቅር ብለውኛል!» ብሎ እንባው መጣ።

ከጓደኞቹ አንድም ሰው መጥቶ ስላላቀፈው ዞር አለ። ኳሷን ከመረቡ የሚያወጣው ሙዘይን ነበር።

«ኧረ ወንድሜ፣» አለው፣ «ይቅርታው ለእነሱ ነው እንዴ?»