ስልሳ ክቦች

ሌሎቹ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ትንሿ ልጅ ብቻ ከካልሲ ተጠቅልሎ የተሠራውን እንቁላል እግሯ ላይ እንዳስቀመጠች ከክፍሉ በር አልነቃነቅ አለች። «አባት ፔንግዊን እናትየዋ ከባሕር እስክትመለስ እንዲህ አድርጎ ይጠብቃል» ብላ ያስተማረቻቸው መምህርቷ ናት።

አባቷ ሲመጣ «አባዬ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው» ብላ እንቁላሉን ቀስ አድርጋ ጫማው ላይ አሳለፈችለት። ሰውየው እግሩን ገጥሞ ቆመ። መምህርቷ ክው አለች። ሚስቱን ሲቀብር ከለቀስተኛው መሐል ነበረች፤ ለልጅቷ «እናትሽ ለሥራ ሩቅ ሄዳለች» መባሉንም ታውቃለች። ጨዋታውን ስታሰናዳ ይህ እንዴት ከልቧ ጠፋ!

«ቲቸር፣ በስንት ቀን ትመለሳለች አልሻቸው?» አላት በለሆሳስ።

ልጅቷ ቀድማ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ለአባቷ ዘረጋችለት። በየቀኑ አንድ አንድ እንዲቀቡ መምህርቷ በገዛ እጇ የሣለቻቸው ስልሳ ክቦች ነበሩበት። የመጀመሪያው ተቀብቷል።