የድሮኗ ክንድ

የተሰበረውን ክንድ በመሐረብ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ጠጋኙ «ያምጡት እማማ» ብሎ እጁን ከዘረጋ ቆይቷል፤ እኔ ግን አልለቅም። ብለቅለት ይጠግነዋላ!

«እምዬ፣ ስጪው እንጂ» ትለኛለች የልጅ ልጄ። የእሷም ክንድ በጄሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ሳምንት ይቺ ጉደኛ ድሮን ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ስትቀርፅ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀች፤ ላውርዳት ብላ የተንጠላጠለችውም ልጅ ተከትላት ወረደች። በአንድ ቀን ሁለት ክንድ።

መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደርገዋለሁ። ሱቁ ከጠባብነቱ የተነሣ መዞሪያ የለውም፤ ግድግዳው ሁሉ የሞተ ስልክና አንጀቱ የተዘረገፈ ሬዲዮ ነው። ጠጋኙ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ቀርቅሮ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ባትሪ ይጨቃጨቃል። እኔን አሮጊቷን አቁሞ፣ እሱ ስለ ባትሪ!

«የኔ ልጅ፣ አንዱን ያዝ፤ ወይ ስልኩን ወይ እኛን።»

ስልኩን ያስቀምጣል። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችለትን ድሮን ይገለብጣታል፣ የቀሩትን ክንዶች ነቅነቅ ያደርጋል፣ ካሜራዋን በጣቱ ነካ ሲያደርጋት አንገቷ እንደ ታመመች ዶሮ ዘንበል ይላል።

«ትጠገናለች» ይላል። «ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አርጅታለች። ነገም መውደቋ አይቀርም። አዲሶቹ ግድግዳ ሲያዩ ራሳቸው ይሸሻሉ። ባትሪ ሲያልቅባቸውም ራሳቸው ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ።»

«ድንቄም! ሰው እንኳ ራሱ አይመለስ» እላለሁ። «አይጠገን፣ አይተካ። ይጣል! እኔ ጣሪያ ለጣሪያ የምትሄድ ድመት አላሳደግሁም።»

ልጄ ጄሶውን በጥፍሯ ትፍቃለች። ይህን አኳኋን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቷ ሳህን ሰብራ ስብርባሪውን አልጋ ሥር የደበቀች ቀን እንዲህ ነበር የምትቆመው።

«እምዬ… የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋው ድርጅት ደውሎልኛል። አዲስ ድሮን ይሰጡኛል። ምሰሶዎቹን ከላይ እየቀረፅኩ የተበላሸውን መንገር ነው ሥራዬ። ጣሪያ መውጣት የለም።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እዚህ አይደለም። ሩቅ ነው። ዓመት ሙሉ።»

ጠዋት ከቤት ከወጣን ጀምሮ ጣያት፣ ጣያት እያልኩ ስጨቀጭቃት፣ ለካ ሂጂልኝ ማለቴ ኖሯል! ጣሪያ ላይ ብትወጣ እኮ ጣሪያው የጎረቤት ነው፤ ብትወድቅ ጮኬ እደርስላታለሁ። እዚያ ማን ሊጮህላት?

«ጠግናት!» እለዋለሁ።

«አሁን ትጣል አላሉም እንዴ?»

«አልኩ። አሁን ደግሞ ጠግናት አልኩ! ከእጅ አይሻል ዶማም ብትሆን ጠግናት። የእሷንስ ክንድ ጠገኑት እንጂ ቀየሩት?»

«እምዬ!»

«ዝም በይ አንቺ።»

ጠጋኙ ሳቁን ውጦ ብሎኖቹን ይፈታል። የተሰበረው ክንድ ሥር ያለችውን ትንሿን ሞተር ያያታል፤ ከዚያ ወረንጦውን ያነሣል። ቀይ ክር። ክሩን አውቀዋለሁ። ይጎትታል፣ ክሩ ይመጣል፣ አሁንም ይመጣል፤ በመጨረሻ የተጨማደደች ነጭ ጨርቅ አስከትሎ ይወጣል። ጨርቋ ላይ በስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለ።

«የማን ስልክ ይሆን?» ይልና እዚያው ይደውላል።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይጮሃል።

«እማማ!» ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ይስቃል። «ታርጋ አውጥተውላታል!»

«ብትጠፋስ?» እቆጣለሁ። «ያገኛት ሰው ለማን ይደውል? ምን ነበረበት!» ስልኩ አሁንም ይጮሃል፣ የቦርሳዬ ዚፕ እምቢ ብሎኛል። የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ እሷ ፊቷን ስትታጠብ ነበር ጨርቋን የድሮኗ ሆድ ሥር ሸጉጬ ያሰርኳት። ሦስቴ ነው የቋጠርኩት። እንዳይፈታ።

ጠጋኙ ዓይኑን ይጠርግና ሞተሯን በጣቱ ያሽከረክራታል። ያለ አንዳች ድምፅ ትዞራለች። «በሉ እንግዲህ፣ ነገሩ ተለወጠ። ያ እርጅና ያልኳችሁ፣ ሞተሯን አንቆ የጣላት ክር ኖሯል። ክንዷን ብቻ ልቀይርላት፣ እንደ ጥንቱ ትበራለች። ልጀምር?»

ልጄ አትስቅም። እኔን ነው የምታየኝ። «ምን ልበለው እምዬ?»

ጄሶዋን አያለሁ። ክሩን አያለሁ። መሐረቤን አነሣና አጣጥፈዋለሁ፣ መልሼ እፈታዋለሁ።

«ያ አዲሱ» እለዋለሁ ጠጋኙን፣ «ራሱ ይመለሳል ነው ያልከኝ?»

«አዎ እማማ። የተነሣበትን ቦታ አይረሳም።»

«አይጠፋበትም?»

«አይጠፋበትም።»

«እንግዲያው ይቺን ተዋት» እላለሁ። ወደ ልጄ ዞሬ የማልጨርሰው ቁጣ እጀምራለሁ፤ ሹራብሽን፣ ምሳሽን፣ በየማታው ስልክሽን…

እሷ ጨርቋን ከጠረጴዛው ላይ ታነሣለች። በደህና እጇ ጭኗ ላይ ዳምጣ ትዘረጋታለች፣ አጥፋ አጥፋ ታሳንሳታለች፣ ከዚያ በጄሶው ጠርዝ አሾልካ ወደ ውስጥ፣ ከቆዳዋ ጋር ትሸጉጣታለች። የቀዩ ክር ጫፍ ብቻ ውጭ ይቀራል።